መልስ፦ የዳርዮስን የድንጋይ ጽሑፍ ያነበበው ወታደር ነበር ወይ?

ወንድሜ፣ የጥንቱ የፋርስ ንጉሥ ዳርዮስ ቢሶቱን በተባለ ቦታ ገደል ላይ ስላስቀረጸው ጽሑፍ «የቢሶቱንን ጽሑፍ ያነበበው ተራ ወታደር ነው ይባላል፤ እውነት ነው?» ላልከው፦ አዎ፣ ወታደር ነበር፤ ተራ ሳይሆን መኮንን። ሄንሪ ሮውሊንሰን ይባላል። በ1810 እንግሊዝ አገር ተወልዶ በ17 ዓመቱ ኢስት ኢንዲያ ኩባንያ ለተባለው የእንግሊዝ የንግድ ድርጅት ጦር ሕንድ ዘመተ። እዚያ ፋርስኛ ተማረ፤ በኋላም የሻሁን ጦር እንዲያሠለጥን ወደ ፋርስ ተላከ።

ጽሑፉ ያለው በዛሬዋ ኢራን፣ ከርማንሻህ ከተማ አጠገብ፣ ከመሬት መቶ ሜትር ገደማ ከፍ ባለ ገደል ላይ ነው። ሮውሊንሰን የመሰላሉ ጫፍ ላይ ቆሞ፣ በግራ ክንዱ ዓለቱን ተደግፎ፣ በዚያው እጁ ደብተሩን ይዞ በቀኙ በእርሳስ ይገለብጥ ነበር። ጽሑፉ በሦስት ቋንቋ የተቀረጸ ነው፤ እርሱ ያልደረሰበትን፣ በባቢሎን ቋንቋ የተጻፈውን ክፍል ግን በ1847 የወጣለት አንድ የኩርድ ልጅ ነው። ልጁ በጣቶቹ ዓለቱን እየቧጠጠ ተሻገረ፤ የእንጨት ችካል ስንጥቅ ውስጥ መትቶ፣ በገመድ ተንጠልጥሎ፣ እርጥብ ወረቀት ፊደሉ ላይ እየተጫነ ቅርጹን አወጣ። ስሙን የመዘገበለት የለም፤ ይህ ሁልጊዜ ያንገበግበኛል።

ሮውሊንሰን ፊደሉን ብቻውን ፈታው ማለት ግን ስሕተት ነው። አየርላንዳዊው ቄስ ኤድዋርድ ሂንክስ ትልቅ ድርሻ አለው። በ1857 ሁለቱን ጨምሮ አራት ሰዎች በዚያው ዓይነት ፊደል የተጻፈ አንድን የአሦር ጽሑፍ ለየብቻ ተርጉመው፣ አሽገው ሲያቀርቡ ትርጉማቸው በአብዛኛው ተስማማ፤ ፊደሉ በእርግጥ መፈታቱ በዚህ ታየ።

ደግሞ ለእኛ ቅርብ ነው፤ የባቢሎን ቋንቋ የግእዝ ዘመድ ነው። ቤትን «ቢቱ» ይሉት ነበር።