አልሙናዬ ለምን ገንፎ ሆነ?

ጥያቄ፦ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ሥራዬ ከአልሙና (አሉሚኒየም ኦክሳይድ) ዱቄት ትንንሽ የማቅለጫ ዕቃዎች በጀሶ ሞልድ እያወጣሁ ነው። 500 ግራም ዱቄት በ200 ሚሊ ሊትር የቧንቧ ውሃ ሳቦካው ገንፎ ሆነብኝ። አሞኒየም ፖሊአክሪሌት የተባለውን ማቅጠኛ ኬሚካል ጠብ ሳደርግበት ወዲያው ቀጠነ። ደስ ብሎኝ ሌላ ጨመርኩ፣ ተመልሶ ወፈረ! ከሞልዱ የተረፈውን ወደ ባልዲው መልሼው ነበር፣ በማግስቱ ሳየው ጭራሽ ረግቷል። የት ጋ ነው የተበላሸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ዱቄትሽም ኬሚካልሽም ደህና ይመስሉኛል። የተሳሳተው መጠኑ ነው፣ ከዚያ ደግሞ ውሃውና ጀሶው አሉ።

እንዲህ የደቀቀ ዱቄት ውሃ ውስጥ ሲገባ ብናኞቹ ይሳሳባሉ። ተያይዘው መረብ ይሠሩና ውሃውን መሀላቸው ይይዙታል፣ ለዚህ ነው ውሃ እያለው የማይፈሰው። ፖሊአክሪሌት ፖሊመር ነው፣ ማለትም አሉታዊ ቻርጅ የተሸከመ የሞለኪውል ሰንሰለት። ብናኙ ላይ ይለጠፍና ሌላው ብናኝ እንዳይጠጋ ይገፋዋል፣ በቻርጁም በሰንሰለቱ ውፍረትም። ግን የሚለጠፍበት ቦታ የተወሰነ ነው። ገጹ ከሞላ በኋላ የምትጨምሪው ሁሉ ውሃው ውስጥ ይንሳፈፋል፣ አብሮት የሚመጣው አሞኒየም እንደ ጨው ሆኖ የቻርጁን ግፊት ያዳክመዋል፣ ቦታ ያጣው ሰንሰለትም ብናኞቹን መልሶ ያጠጋጋቸዋል። ሁለተኛው ጠብታ ያወፈረብሽ ለዚህ ነው።

እንግዲህ መጠኑን ፈልጊው። ግማሽ ማይክሮን አካባቢ ለሆነ አልሙና ብዙ ጊዜ የሚበቃው ከደረቁ ዱቄት ክብደት ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ ነው። ዱቄቱ በደቀቀ ቁጥር ገጹ ይሰፋል፣ ስለዚህ የበለጠ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ፦ ይህ ቁጥር የንጹሑ ፖሊመር እንጂ የጠርሙሱ ፈሳሽ አይደለም። ጠርሙሱ ላይ 25 በመቶ የሚል ከሆነ፣ ለ500 ግራም ዱቄት 0.4 በመቶ ማለት 2 ግራም ፖሊመር፣ ማለትም 8 ግራም ፈሳሽ ነው።

አምስት ኩባያ አሰልፊ። በእያንዳንዱ 40 ሚሊ ሊትር ዲስቲልድ ውሃ አድርጊና ከፈሳሹ 0.4፣ 0.8፣ 1.2፣ 1.6 እና 2 ግራም በተራ ጨምሪ። ዱቄቱ መጨረሻ ነው የሚገባው፣ 100 ግራሙን በጥቂት በጥቂቱ እያማሰልሽ። ውሃ፣ ኬሚካል፣ ዱቄት፤ ቅደም ተከተሉን አትቀይሪ። በደንብ ካማሰልሽ በኋላ እያንዳንዱን በአንድ ማጥለያ አፍስሺና በስልክሽ ሰዓት ያዢ። ቶሎ የፈሰሰው የምትፈልጊው መጠን ነው።

ከየኩባያው ጥቂት ጥቂት ግልጽ ቱቦ ውስጥ አድርገሽ እስከ ማግስቱ ተይው፣ ይሄን ሙከራ በጣም ነው የምወደው። በደንብ ያልተበተነው ቶሎ ይወርዳል፦ ከላይ ንጹሕ ውሃ፣ ከታች ደግሞ ከፍ ብሎ የተቆለለ ልል ዝቃጭ። በደንብ የተበተነው ላዩ ረጅም ሰዓት ደፍርሶ ይቆያል፣ ከሥሩ ያለው ስስና ጠንካራ ነው። ቀድሞ የጠራውን አይተሽ «ይሄ ጥሩ ነው» እንዳትይ፣ ነገሩ ግልባጩ ነው።

ፒኤችም (የአሲድነቱን መጠን) ለኪ። አልሙና ለብቻው ፒኤች 9 አካባቢ ቻርጁ ዜሮ ስለሚሆን ይረጋል፣ ፖሊመሩ ሲለጠፍበት ግን እዚያው 9 ላይ ጥሩ ይሠራል። ፒኤቹ ወደ 4 ከወረደ ሰንሰለቱ አብዛኛውን ቻርጁን ያጣና ይኮማተራል። ዕቃውን ክፍት አትተዪው፣ አሞኒያው እየተነነ ሲሄድ ፒኤቹ ይወርዳል።

የማግስቱን መርጋት በተመለከተ ዋናው ተጠርጣሪ ካልሲየም ነው። ጀሶ ውሃ ውስጥ ጥቂት ይሟሟል፣ የሚወጣው ካልሲየም ፖሊመሩን ይይዝና ሥራ ያስፈታዋል። የቧንቧ ውሃሽ ጠንካራ፣ ማለትም ካልሲየም የበዛበት ከሆነም ያው ነው። ከሞልድ የተረፈውን ለብቻው አስቀምጪ፣ ወደ ባልዲው አትመልሺ።

ጥያቄ፦ የሸክላ ሥራ አለኝ። ጭቃ ለማቅጠን በሶዲየም ሲሊኬት ፈንታ ሶዲየም ፖሊአክሪሌት መጠቀም እችላለሁ? ዳይፐር ውስጥ ያለው እሱ ነው ሲሉኝ ከዚያ ላወጣ አስቤ ነበር።

መልስ፦ ወንድሜ፣ ለሸክላ ይሆናል። እንዲያውም ሲሊኬት ጀሶውን ቶሎ ይበላዋል፣ ፖሊመሩ ለሞልዱ ይሻላል። የዳይፐሩን ግን እባክህ ተወው! ስሙ አንድ ቢሆንም ሰንሰለቶቹ እርስ በርስ የተቆላለፉ ናቸው፤ አይሟሟም፣ ውሃህን መጥጦ ያብጥና ጭቃህን ያደርቀዋል። አንተ የምትፈልገው አጭሩን ነው፣ ሞለኪውላዊ ክብደቱ በሺዎች የሚቆጠረውን። በሚሊዮን የሚቆጠረው ረጅሙ ደግሞ አንዱን ብናኝ ከሌላው ጋር ያያይዛል፣ ለዚህም ነው ውሃ ማጣሪያ ጣቢያዎች እንዲህ ያሉ ረጃጅም ፖሊመሮችን ቆሻሻ ለማዝቀጥ የሚጠቀሙት። ስትገዛ «ለሴራሚክ ማቅጠኛ» ብለህ ጠይቅ፣ የፖሊመሩን በመቶኛም ከጠርሙሱ ላይ አንብብ።