ቡድሃን ቡዳ አታድርጉት

ጥያቄ፦ «ሰላም መምህር። ስለ ህንድ ሃይማኖቶች የሚያወራ ዘጋቢ ፊልም ለአንድ ቴሌቪዥን ጣቢያ ወደ አማርኛ መልሼ ነበር። ‹ቡድሃ› ብዬ የጻፍኩትን አርታኢው በሙሉ ‹ቡዳ› አደረገው። ለምን ስለው ‹ሰው የሚለው እንደዛ ነው፣ ሃ-ዋ ትርፍ ናት› አለኝ። ፊልሙ ሲተላለፍ እናቴ ‹ደሞ ለቡዳ ሐውልት ይቆማል እንዴ?› ብላ አማተበች። ማናችን ነን ልክ? ሁለቱ ቃላትስ ዝምድና አላቸው?»

መልስ፦ ልክ አንቺ ነሽ። እናትሽም ልክ ናቸው። የተሳሳተው አርታኢው ብቻ ነው።

እናትሽ የሰሙት በአማርኛ ነው፤ በአማርኛ ደግሞ ቡዳ ማለት በዓይኑ ሰው የሚበላ፣ ሲመሽ ጅብ ይሆናል የሚባልለት ነው። ልጅ ሲያምር «ቡዳ እንዳይበላው» ተብሎ እንትፍ እንትፍ ይባልለታል፣ ጤና አዳም ይታሰርለታል። ይህን ቃል ከእናቷ ጡት ጋር የጠባች ሴት ወርቅ የተቀባ ትልቅ ሐውልት እያየች «ሚሊዮኖች ቡዳን ያከብራሉ» የሚል ስትሰማ ባታማትብ ነበር የሚገርመኝ።

ዝምድና የላቸውም። አጋጣሚ ነው። የህንዱ ቃል የሳንስክሪት፣ የጥንቱ የህንድ ቋንቋ፣ ነው፤ «ቡድህ» ከሚል ሥር ይወጣል፣ ትርጉሙ መንቃት። ቡድሃ ማለት እንግዲህ «የነቃ» ማለት ነው። አማርኛችን እዚህ ላይ ደስ ይላል፤ እኛም ከእንቅልፍ ነቃ እንላለን፣ ነገር ሲገባው ደግሞ ነቃ እንላለን፣ የአራዳ ልጆችማ «ነቄ» ብለው ጨርሰውታል። ለሳንስክሪቱ ሐሳብ ከዚህ የቀረበ ቃል ከየት ይመጣል?

የሃ ነገር። በሳንስክሪት ተራው ደ እና በትንፋሽ ተገፍቶ የሚወጣው ደ ሁለት የተለያዩ ፊደላት ናቸው። ቡድሃ ውስጥ ሁለቱም ተከታትለው አሉ፤ መጀመሪያ ተራው፣ ቀጥሎ ትንፋሻሙ። እኛ ትንፋሻም ደ ስለሌለን ድ እና ሃ ብለን እንለያያቸዋለን። ፍጹም አይደለም፤ የአገሩ ሰው ሃ-ን እንደኛ ለብቻዋ አያወጣትም። ግን ሌላም ችግር አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም («ገና» የሚለውን በዓሉም ይሁን «ገና ነው» ያው አንድ ዓይነት እንጽፈዋለን)። የእኛ ቡዳ ላይ ደ ላልታ ነው የምትነበበው። የህንዱ ላይ ትጠብቃለች። «ቡዳ» ብለሽ ከጻፍሽው አንባቢው የሚያውቀውን ነው የሚያነበው፤ የሚያውቀው ደግሞ ጅቡን ነው። ስለዚህ ሃ-ዋ ትርፍ አይደለችም፣ ሥራ አላት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ትርጉምሽ ውስጥ ሳይገባ አልቀረም። ቡድሃ ስም ሳይሆን ማዕረግ ነው፤ ክርስቶስ «የተቀባ» ማለት እንደሆነው። የሰውየው ስም ሲድሃርታ ነው፣ የወገኑ መጠሪያ ጎታማ። የተወለደው ዛሬ ኔፓል ውስጥ ባለችው ሉምቢኒ ነው። የነቃው ቦድ ጋያ ላይ፣ ከኛ ዋርካ ጋር በሚዛመድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያስተማረው ሳርናት፣ ያረፈው ኩሺናጋር። ስለዚህ ፊልሙ «ቡድሃ ተወለደ» ሲል በልማድ ነው እንጂ፣ የተወለደው ሲድሃርታ ነው፤ ቡድሃ የሆነው ኋላ ነው። «ቡድሂዝም»ን ደግሞ ብዙ አልወደውም። ተከታዮቹ ራሳቸው ዳርማ፣ ማለትም ትምህርቱ፣ ነው የሚሉት። «የቡድሃ ትምህርት» ብትዪ ይበቃል፤ «ቡድሂስት» ግን ለምዷል፣ ተዪው።

ሂንዱ እና ህንድንም አትቀላቅዪ፤ ብዙ ሰው ይቀላቅላል። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ወንዝ ነው፣ ከሲንዱ። ፋርሶች ስ-ን ህ አድርገው ሂንዱ አሉት፣ ግሪኮች ህ-ን ጥለው ኢንዶስ አሉት። ድሮ የቦታ ስም ነበር። ዛሬ ግን ህንዳዊ ዜግነት ነው፣ ሂንዱ እምነት ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. ቆጠራ ከመቶ ህንዳውያን 80 ያህሉ ሂንዱ፣ 14ቱ ሙስሊም ነበሩ፤ ክርስቲያኑ፣ ሲኩ፣ ቡድሂስቱና ጄኑ ቀሪውን ይካፈላሉ። በደቡብ ህንድ ያሉት የኬረላ ክርስቲያኖች ሃይማኖታችንን ያመጣልን ሐዋርያው ቶማስ ነው ይላሉ፣ እኛም ቶማስ ዘህንደኬ የምንለው እሱኑ ነው። የኬረላ ክርስቲያንን «አንተ ሂንዱ» ብትዪው ምን እንደሚሰማው አስቢው።

አሁን ወደሚጣፍጠው ልምጣ። የቡድሃ ታሪክ አገራችን ከገባ ቆይቷል። የገባው ግን በሌላ ስም ነው።

በ16ኛው መቶ ዘመን፣ በአፄ ገላውዴዎስ ጊዜ፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ እንባቆም አንድ መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ፤ የበረላምና የይዋስፍ ታሪክ ይባላል። ህንድ ውስጥ አንድ ንጉሥ አለ። ልጅ ይወለድለታል። ልጁ የአባቱን ዙፋን ንቆ ይመንናል የሚል ትንቢት ይነገረዋል። ንጉሡ ፈርቶ ልጁን ቤተ መንግሥት ውስጥ ይዘጋበታል፤ ሕመም፣ እርጅና፣ ሞት የሚባል ነገር እንዳያይ። አንድ ቀን ልጁ ይወጣና በሽተኛ ያያል፣ ያረጀ ሰው ያያል፣ ያኔ ነገር ተበላሸ። ከዚያ በረላም የተባለ መነኩሴ ነጋዴ መስሎ፣ ዕንቁ ይዣለሁ ብሎ ይገባል፤ ዕንቁው የክርስትና ትምህርት ነው። መጨረሻውን ትተን መነሻውን ብታዪው የሲድሃርታ ታሪክ ነው።

ይዋስፍ የሚለው ስም ራሱ ከየት መጣ? ከሳንስክሪቱ «ቦዲሳትቫ»፣ ማለትም ቡድሃ ለመሆን መንገድ ላይ ያለ። ዐረብኛ ሲደርስ ቡዳሳፍ ሆነ። በዐረብኛ ጽሕፈት ደግሞ ቃል መነሻ ላይ በ እና የ ቅርጻቸው አንድ ነው፤ በ ከሥሯ አንድ ነጥብ አላት፣ የ ሁለት። አንድ ገልባጭ ነጥብ ጨመረና ቡዳሳፍ ዩዳሳፍ ሆኖ ቀረ። እሱ በጆርጂያ ቋንቋ ዮዳሳፍ ተባለ፣ በግሪክ ዮአሳፍ፣ ወደ ዐረብ ክርስቲያኖች ተመልሶ በመጨረሻ በእንባቆም ብዕር ይዋስፍ። ያቺ ነጥብ ባትጨመር ኖሮ፣ ማን ያውቃል፣ የግዕዙ ስም በ«ቡዳ» ይጀምር ነበር፤ ያኔ የእናትሽ ሥጋት ገዳም ድረስ ይገባ ነበር ማለት ነው።

አንድ ነገር ግን ከንክኖኛል፣ ሳልጽፈው ማለፍ አልፈልግም። እኛ ጋ ቡዳ የሚለው ስድብ በብዛት ያረፈው በእጁ በሚሠራ ሰው ላይ ነው፤ በቀጥቃጩ፣ በሸክላ ሠሪዋ፣ በቤተ እስራኤሉ። ህንድ ውስጥ ደግሞ «የማይነኩ» ተብለው ከጉድጓድ ውኃ እንዳይቀዱ የተከለከሉ ወገኖች ነበሩ። ከእነሱ የተወለደውና የህንድን ሕገ መንግሥት ያረቀቀውን ኮሚቴ የመራው አምቤድካር፣ ኦክቶበር 14 ቀን 1956 እ.ኤ.አ. ናግፑር ከተማ ላይ በመቶ ሺዎች ከሚቆጠሩ ተከታዮቹ ጋር የቡድሃን መንገድ ተቀበለ። በሁለት ወር ሳይሞላ ሞተ። እዚያ የተናቀ ሰው ቀና ያለበትን ስም እኛ የተናቀን ሰው በምንሰድብበት ቃል መጻፋችን፣ የፊደል ግድፈት ብቻ ነው ብዬ ለማለፍ ይከብደኛል።

ፊልሙ በድጋሚ የሚተላለፍ ከሆነ ለአርታኢው ይህንን አሳዪው፣ ሃ-ዋን ይመልስ። ስሙ መጀመሪያ ሲጠራ «ጎታማ ቡድሃ» ብትሉት ደግሞ እናትሽም አያማትቡም።