ለመክሳት ብዬ የጀመርኩት የባሕር አረም ልቤን አስመታው

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ዕድሜዬ 38፣ ክብደቴ 94 ኪሎ ነው። ዱባይ ነው የምሠራው። «ሲ ሞስ» የሚባል የባሕር አረም ጄል ቦርጭ ያጠፋል ተብዬ በቀን ሁለት ማንኪያ መውሰድ ከጀመርኩ ሦስት ሳምንት ሆነኝ። አሁን ልቤ ድው ድው ይልብኛል፣ እንቅልፍም እምቢ ብሎኛል። ከልጅነቴ ጀምሮ ትንሽ እንቅርት አለብኝ። ልቀጥል?

መልስ፦ አይቀጥሉ እህቴ። ዛሬውኑ ያቁሙት።

የባሕር አረም አዮዲን ከውኃው እየመጠጠ ያከማቻል። አዋቂ ሰው በቀን የሚበቃው 150 ማይክሮግራም ነው፤ ጄሉ ውስጥ ስንት እንዳለ ግን ብዙ ጊዜ ጠርሙሱ ላይ አይጻፍም። ለዓመታት አዮዲን ሲያጣ የኖረ እንቅርት ድንገት ሲጎርፍበት ሆርሞን ከልክ በላይ ማምረት ሊጀምር ይችላል፣ ያኔ ልብ ይመታል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ኪሎም ይቀንሳል። አደራዎን፣ እንዲህ ያለው መክሳት በሽታ ነው፣ «ሠራልኝ» እንዳይሉ።

ስለ ባሕር አረም የሚወራው ሁሉ ውሸት ነው ማለቴ አይደለም። ከቡናማው አረም የሚወጣ አልጂኔት የሚባል አሰር አለ፣ ሆድ ውስጥ ሲገባ ልክ እንደተዘፈዘፈ ተልባ ዝልግልግ ብሎ ያብጣል፣ ቶሎ ያጠግባል። በ2012 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ የዴንማርክ ጥናት ላይ ምግባቸውን ቀንሰው 12 ሳምንት አልጂኔት የጠጡት፣ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ማለቴ ነው፣ በአማካይ 6.8 ኪሎ ገደማ ቀነሱ። ያለ አልጂኔት ምግብ ብቻ የቀነሱት ደግሞ 5 ኪሎ። ልዩነቱ ሁለት ኪሎ እንኳ አልሞላም። ፉኮዛንቲን የሚባለው ቡናማ ቀለምም የጃፓን ተመራማሪዎች አይጦች ላይ ስብ ሲያቃጥል አይተውታል፤ አይጥ ላይ የታየ ሁሉ ግን ሰው ላይ አይሠራም።

ደግሞም የእርስዎ ሲ ሞስ ቀይ አረም ነው። አልጂኔትም ፉኮዛንቲንም የለበትም! ሻጮቹ የቡናማውን ጥናት ይዘው ቀዩን ነው የሚሸጡልዎት፣ ይሄ በጣም ያናድደኛል።

በዚህ ሳምንት ክሊኒክ ይሂዱና የእንቅርት ሆርሞን ምርመራ (ቲኤስኤችና ፍሪ ቲ4) ይሠራልዎ፣ ልብዎም በኢሲጂ ይታይ። ትንፋሽ ካጠረዎት፣ ደረትዎን ካመመዎት ወይም ራስዎን ከሳቱ ቀጠሮ አይጠብቁ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። የክብደቱን ነገር እንቅርቱ ከታየ በኋላ ከሐኪሙ ጋር ትመክሩበታላችሁ፣ ስኳርና ደም ግፊትዎንም አብረው ይለኩ። ሲሄዱ የጄሉን ጠርሙስ ይዘው ይሂዱ።