ያለንንም የሌለንንም፦ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች

በአስጎብኚነት 29 ዓመት ሠርቻለሁ። አሁን አሁን አዲስ የተመረቁ ልጆች አብረውኝ ጉዞ ሲወጡ፣ ማታ እራት ላይ የሚጠይቁኝ ስለ ቲፕና ስለ ጣልያንኛዬ ነው። እኔ ደግሞ የምነግራችሁ ስለ 2012 ዓ.ም. ነው። ያኔ እናንተ ትምህርት ቤት ተዘግቶ ቤት የዋላችሁ ልጆች ነበራችሁ፤ አባቶቻችሁ ያኔ ምን እንደደበቋችሁ አታውቁም።

ዓመቱ ሲጀምር ደህና ነበር። ታኅሣሥ ላይ ጥምቀት በዩኔስኮ ተመዘገበ፤ በወሩ ጎንደር አልጋ ጠፍቶ እንግዳ ይዤ ከሆቴል ሆቴል ዞሬያለሁ። በየካቲት የኮሮና ወረርሽኝ ጣልያን ሲገባ የሚላኖ እንግዶቼ አንድ በአንድ ሰረዙ። መጋቢት 4 ቀን ከቡርኪና ፋሶ በመጣ ጃፓናዊ ላይ ቫይረሱ መገኘቱ ሲነገር፣ በእጄ የቀረ አንድም ጉዞ አልነበረም። በኋላ የወጣው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ አሠሪ ሠራተኛ እንዳያሰናብት ከልክሎ ነበር። በጉዞ ቁጥር የሚከፈለውን ሰው ግን ማን ያሰናብተዋል? ስልኩ መጥራቱን ያቆማል፣ በቃ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው የራሴ ሥራ ነው። ለፋሲካ የላሊበላ ጉዞ ለአንድ ሆቴል 42 ሺህ ብር ቀብድ ከኪሴ ከፍዬ ነበር፤ አልመለሱልኝም። ገንዘቡ የልጄ የትምህርት ቤት ክፍያና የሁለት ወር የቤት ኪራይ ነው። ለባለቤቴ አልነገርኳትም። አምስት ሳምንት ሙሉ «እየተነጋገርን ነው፣ ይመልሳሉ» እያልኩ ቆየሁ፤ አንዳንዴም ስልክ ይዤ በረንዳ ላይ እወጣና ከማንም ጋር ሳላወራ እመለሳለሁ።

ሚያዝያ 11 ፋሲካ ነበር። ሕዝቡ ቤቱ እንዲቆይ ስለተነገረ ቅዳሴው በቴሌቪዥን ተላለፈ። እናቴ ያኔ 78 ዓመቷ ነው። ነጠላዋን መስቀለኛ አጣፍታ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ መቋሚያዋን ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት ቆመች። «እማዬ፣ ቁጭ በይ እንጂ» ብላት፣ «ቅዳሴ እየተቀደሰ?» ብላ ገላመጠችኝ። ሁላችንም ተነሣን። መሐል ላይ መብራት ጠፋ። እኛ ተያየን፤ እሷ ግን ከቆመችበት ሳትነቃነቅ የጠቆረውን ቴሌቪዥን እያየች ተሰጥኦውን በቃሏ ቀጠለች። ጨለማው ውስጥ እሷን እየሰማሁ በረንዳ ላይ የማስመስለው የስልክ ወሬ ትዝ አለኝና አፈርኩ።

በማግስቱ ነገርኳት። ባለቤቴ አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ባለ ካሬ ደብተር አምጥታ ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈለችውና «ያለንን በዚህ፣ የሌለንን በዚያ ጻፍ» አለችኝ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የነበረችው ልጃችን አጠገባችን ነበረች። ውጪ ልላት ስል እናቷ «ትቀመጥ» አለች። እኔ ገንዘብ ልጅ ፊት አይወራም ተብዬ ያደግሁ ሰው ነኝ። ያ ወግ ለደህና ዘመን ይሆን ይሆናል። ልጅቱ ዝርዝሩን ወደ ታች አየችና «ዲሹን ማን ያየዋል?» ብላ ሰረዘችው፤ እኔ ነበርኩ የማየው።

ከደብተሩ የወጣው ሥራ እንጀራ ነው። ባለቤቴ ድሮም በእጇ የምትታማ አይደለችም። ጀሞ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ብዙ ሰው ሠራተኛውን አሰናብቶ ስለነበር ደንበኛ አልጠፋም። እሷ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነሥታ መብራት ሳይሄድ ትጋግራለች፤ እኔ ጠዋት በማስክና በፕላስቲክ ሳፋ በየፎቁ አደርሳለሁ። አንዱን በ7 ብር። ማስኩን የወደድኩት ያኔ ነው፤ ከአፍንጫዬ በላይ እስከ ዓይኔ ስቤ ነበር የምሄደው።

አንድ ቀን አራተኛ ፎቅ ሳንኳኳ በሩን የከፈተው ዓመታት አብሮኝ የነዳ ሾፌር ሆነ። «ጋሼ፣ አንተ ነህ እንዴ?» አለኝ። እሱ ሳፋውን ያያል፣ እኔ ጫማዬን አያለሁ። ከዚያ ሳቀ። «ግባ፣ እኔ እኮ ካሮት እየሸጥኩ ነው» ብሎ ኮሪደሩ ላይ የደረደረውን ጆንያ አሳየኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎመንና ካሮት በእንጀራ እንለዋወጥ ነበር። ሳፋውን ይዤ ደረጃውን ስወርድ ማስኩ አገጬ ላይ ነበር፤ አዋጁን መጣሴ ነው።

ሐምሌ ላይ ታላቅ ወንድሜ ሞተ፤ በኩላሊት ነው እንጂ በኮሮና አይደለም። ሰኔ 22 ማታ ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ ወዲህ ኢንተርኔት ተቋርጦ ነበር። እህታችን አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ናት። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም፤ ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ በማለዳ ቤቷ ይሄዳል። ያኔ ግን እዚያም እንደዚህ ሰው ሰው ቤት አይገባም። ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ በመደበኛ ስልክ ደወልኩና ራሴ ነገርኳት። ዘጋችው። ከትንሽ ቆይታ በኋላ ራሷ ደወለች፤ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስለ ወንድማችን አልነበረም። «ከጎንህ ማን አለ?» ነው ያለችኝ። ማንም አልነበረም። ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ስለተከለከለ የዕድሩ ድንኳን ከመጋዘን አልወጣም፤ ዕድርተኛው ሁለትም ሦስትም እየሆነ በር ላይ ቆሞ «እግዚአብሔር ያጽናችሁ» ብሎ ይመለሳል። ለቅሶ ቤት ዝምታ ሲሆን እንዴት እንደሚከብድ ያኔ ነው ያወቅሁት።

አሁን ወደ ልጄ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ጥፋተኛው እኔ ነኝ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተናቸው ሲራዘም ሲራዘም የተሰጠው በየካቲት መጨረሻ 2013 ነው። በእነዚያ ወራት ልጅቱ ቀን ትተኛለች፣ ሌሊት ትነቃለች፣ ብትጠራ አትሰማም። እኔ እንጀራ አድርሼ ደክሞኝ ስገባ ተኝታ አገኛታለሁ። አንድ ከሰዓት «እኛ እዚህ እንሞታለን፣ አንቺ ምን ጎደለሽ?» ብዬ ጮኽኩባት። አልመለሰችልኝም። ማታ የዕለቱን ሒሳብ ልጽፍ ደብተሩን ስከፍት «የሌለን» በሚለው ዓምድ፣ ከኪራዩና ከዘይቱ ሥር፣ በእርሳስ በትንሹ «ጓደኞቼ» የሚል ተጽፎ አየሁ። ቀኑን አየሁት፤ ከሦስት ሳምንት በፊት ነው። ያን ገጽ በየማታው ስገልጠው ኖሬ፣ ዓይኔ ቁጥር ብቻ ሲፈልግ አላየሁትም።

ስለዚህ ልጆች፣ ትዳር ስትይዙ ደሞዛችሁን ደብቃችሁ ቢሆን ቶሎ አውጡት፤ ዕዳችሁን ደግሞ ከደሞዛችሁ ቀድማችሁ አውጡት። ደብተር ካላችሁም ገንዘብ ያልሆነውን ጉድለት የምትጽፉበት መስመር ተዉ። እኔ አምስት ሳምንት ያጣሁት ገንዘቡን ብቻ አይደለም፤ ዘይትና ጤፍ ሳይወደድ ባለቤቴ ልታስበው ትችል የነበረውን ጊዜ ነው። ይህን እስከ ዛሬ ታነሣብኛለች፤ ልክ ናት።

ወረርሽኙ ሳይለቅ ጦርነቱ መጣና ሥራችን ጭራሽ ተዘጋ። በ2015፣ ከፕሪቶሪያው ስምምነት በኋላ፣ አንድ ጠዋት ስልኬ በጣልያንኛ አናገረኝ፤ ስድስት ሰዎች፣ ለገና፣ ላሊበላ። ስልኩን ዘግቼ ወደ ማድ ቤት ሮጥኩና ለባለቤቴ ነገርኳት። አክንባሎውን ከፍታ እንፋሎቱ ፊቷ ላይ እየወጣ «እሰይ» አለችኝ፤ ቀጥላም፣ «የነገውን አርባ እንጀራ ማን ያደርሰዋል ታዲያ?»