መልስ፦ የዱር በለስ ውሃ ብቻ ነው ወይ?

«የዱር በለስ ውሃ ብቻ ነው ወይስ የሚረባ ነገር አለው?» ላልከው ወንድሜ፣ እውነት ነው፣ ይህ እሾሃማ የካክተስ ፍሬ ከ80 በመቶ በላይ ውሃ ነው። የቀረው ግን ቀላል አይደለም። 100 ግራም ውስጥ ወደ 3.6 ግራም አሰር፣ 85 ሚሊግራም ማግኒዚየምና 14 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ አለ።

እኔን የሚገርመኝ ቀለሙ ነው። ቀዩ ቤታኒን፣ ቢጫው ኢንዲካዛንቲን ይባላል። ሁለቱም ቤታላይን ከሚባሉት የተክል ማቅለሚያዎች ወገን ናቸው፤ ፀረ ኦክሳይድ ባሕርይ፣ ማለትም ሴሎችን ከጉዳት የመከላከል ባሕርይ፣ አላቸው። ሙቀት ስለሚያበላሻቸው ጥሬውን ብላው።

ቅጠል የሚመስለው ለጋ ግንዱም ይበላል። ካልሲየም አለው፤ ኦክሳሌት የሚባል በተክሉ ውስጥ ያለ ውህድ አንቆ ስለሚይዘው ግን ሰውነት ብዙውን አያገኘውም። ፍሬውን ስትለቅም ከትልቁ እሾህ ይልቅ ጸጉር የሚመስለውን ፍራ፣ እሱ ነው የሚያሰቃየው። ደግሞ ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ቁልቋል ሌላ ተክል ነው። መርዛማ ስለሆነ እንዳትሳሳት!