ልብ ስላለበት የፍቅር ደብዳቤ ነው ማለት አይደለም

እህት፣ «ፔንሲልቬንያ ውስጥ ከአሮጌ ዕቃ ሻጭ ላይ በ15 ዶላር አንድ ወረቀት ገዛሁ፤ መሃሉ ትልቅ ልብ፣ ዙሪያው ቱሊፕና ወፍ፣ ልቡ ውስጥ የጀርመንኛ ጽሑፍ አለ፣ የፍቅር ደብዳቤ ይሆን?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦ ሳላየው አልምልም እንጂ የክርስትና ወረቀት ነው የሚመስለኝ።

ላንካስተር አካባቢ ፍሬም ቤት ስሠራ የመጀመሪያ ሰሞን እኔም ተሸውጃለሁ። አንዲት ደንበኛ እንደዚሁ ልብ ያለበት ወረቀት ይዛ መጣች። እኔ ደግሞ ቀልጠፍ ብዬ «አያትሽ ሚስቱን በጣም ይወድ ነበር ማለት ነው» አልኳት። ሴትዮዋ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ለካ የቅድመ አያቷ ጥምቀት ነው!

ወረቀቱን ታውፍሻይን ይሉታል። የሠሩት «ፔንሲልቬንያ ደች» የሚባሉት ናቸው፤ ደች ሲባሉ ሆላንዶች እንዳይመስሉሽ፣ ጀርመንኛ ተናጋሪ ስደተኞች ናቸው። ብዙዎቹ የሉተራንና የሪፎርምድ (ሁለቱም የፕሮቴስታንት ቅርንጫፎች ናቸው) አማኞች ስለነበሩ ልብ ለነሱ መጀመሪያ የእምነት ምልክት ነው፣ የሉተር ማኅተም ራሱ ቀይ ልብ ላይ ጥቁር መስቀል ነው። ትልቁ ልብ ውስጥ የልጁ ስም፣ የወላጆቹ ስም፣ የተወለደበትና የተጠመቀበት ቀን፣ የክርስትና አባትና እናቱ ይጻፋሉ። ከሥር ሁለት ትንንሽ ልቦች ካሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ መንፈሳዊ ግጥም ነው ያለባቸው። «ጌቦረን» (ተወለደ) እና «ጌታውፍት» (ተጠመቀ) የሚሉ ቃላት ፈልጊ፣ ካገኘሻቸው በቃ አለቀ። እውነተኛው የፍቅር ደብዳቤማ ብዙ ጊዜ ታጥፎ በመቀስ የተቆረጠ፣ ሲዘረጋ ክብ የሚሆን ነው።

የገረመኝን ልንገርሽ። የአሜሪካ አብዮት ወታደሮች ሚስቶች ባሎቻቸው ሲሞቱባቸው ጡረታ ለመጠየቅ የጋብቻና የልጆች ልደት ማስረጃ ያስፈልጋቸው ስለነበር፣ አንዳንዶቹ ይህን ባለ ልብ ወረቀት ከቤታቸው አውጥተው ለመንግሥት ላኩት። ዛሬም ዋሽንግተን ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ውስጥ ተቀምጧል። ቱሊፑ፣ ወፉ፣ ሁሉም ከቢሮ ወረቀት መሃል!

ዋጋው እንደ ሥራው ይለያያል። በ1800ዎቹ ማተሚያ ቤቶች ሥዕሉን በብዛት አትመው ስሙን ብቻ በእጅ የሚያስሞሉ ነበሩ፣ እነዚህ እንደ ልብ ይገኛሉ። ሙሉውን በእጅ የተሳለ ከሆነ ግን ዕድለኛ ነሽ። አጉሊ መነጽር አድርገሽ እዪው፣ ቀለሙ ትንንሽ ነጠብጣብ ሆኖ ከታየሽ የቅርብ ጊዜ ኮፒ ነው።

እባክሽ ፕላስተር እንዳትለጥፊበት፣ ላሚኔትም እንዳታስደርጊው። የድሮው ጥቁር ቀለም ብረት ስላለበት ወረቀቱን እየበላ ይሄዳል፣ አረንጓዴው ደግሞ ይብሳል፣ ከጀርባ ሲታይ ያቃጠለው ቡናማ ሆኖ ይወጣል። ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ አስቀምጪውና የፊቱንም የጀርባውንም ፎቶ ለጥፊልን።