አዲስ አበባ ተምሮ ቨርጂኒያ ነርስ መሆን

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ የጻፍሽልኝ እህቴ፣

ደብዳቤሽ ባጭሩ እንዲህ ይላል። 39 ዓመትሽ ነው። ከአዲስ አበባ የአካውንቲንግ ዲግሪ ይዘሽ መጥተሽ አሁን ሆቴል ውስጥ ሒሳብ ትሠሪያለሽ፤ ከግብር በኋላ በወር 3,100 ዶላር እጅሽ ይገባል። ግሪን ካርድ ከያዝሽ 6 ዓመት አልፎሻል። 22,000 ዶላር ቆጥበሻል። ሐሳብሽ ሁለቱን ልጆችሽን ይዘሽ አዲስ አበባ ገብተሽ፣ እናትሽ ቤት ሆነሽ፣ በግል ኮሌጅ 4 ዓመት ነርሲንግ ተምረሽ መመለስ ነው። ባልሽ እዚሁ ሥራው ላይ ይቆያል። ታላቅ ወንድምሽ ደግሞ «እዚያ ዕዳ ውስጥ ከመዘፈቅ አገር ቤት በርካሽ ተምረሽ ተመለሺ» እያለ ይገፋሻል። ዲግሪው እዚህ ይሠራልኝ ይሆን? ዕድሜዬ አላለፈም ወይ? ልጆቼስ? ብለሽ ጠይቀሻል።

ወደፊት የምትሠሪው ቨርጂኒያ ከሆነ አትሂጂ፤ እዚሁ ተማሪ። ለምን እንደምል ልዘርዝርልሽ።

የአካውንቲንግ ዲግሪሽን አሠሪሽ አየው፣ አመነበት፣ ቀጠረሽ። ነርስ ግን አሠሪ ስለወደዳት ብቻ ዋርድ አትገባም፤ በመጀመሪያ የስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ፈቃድ መስጠት አለበት። ቦርዱ ደግሞ ዲግሪውን ፈትቶ ሰዓቱን ይቆጥራል። ውጭ አገር የተማረ ሰው ፋይል አብዛኛውን ጊዜ የሚገመገመው በሲጂኤፍኤንኤስ በኩል ነው (ድርጅቱ በቅርቡ ስሙን ትሩሜሪት ብሎታል)። ገምጋሚው አራት ዘርፎችን ይፈልጋል፦ የአዋቂዎች የውስጥ ደዌና የቀዶ ሕክምና ነርሲንግ፣ የእናቶችና የጨቅላ ሕፃናት፣ የሕፃናት፣ እንዲሁም የአእምሮ ጤና። በእያንዳንዱ የክፍል ትምህርቱ ስንት ሰዓት፣ በታማሚ አልጋ ዳር የተሠራው ልምምድ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለየብቻ ተጽፎ ማየት ይፈልጋል።

የብዙዎች ፋይል የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። ትራንስክሪፕቱ «የተግባር ልምምድ» ብሎ ክሬዲቱን በአንድ መስመር ይጠቀልለዋል፤ ከዚያ ውስጥ ስንቱ የሕፃናት ዋርድ፣ ስንቱ የማዋለጃ ክፍል እንደሆነ አይታወቅም። የአእምሮ ጤና ልምምድ በተለይ ይሳሳል። በኮሌጅ የሚማሩት ሁሉ አማኑኤል ሆስፒታል ተራ ሲጠብቁ ቆይታው ወደ ጥቂት ቀን ጉብኝት ይወርዳል፤ ገምጋሚው ጉብኝትን እንደ ልምምድ አይቆጥርም። ለማነጻጸር ያህል፣ ቨርጂኒያ በራሷ የነርስ ትምህርት ቤቶች ላይ ቢያንስ 500 ሰዓት በመምህር ክትትል የሚሰጥ ቀጥተኛ የታማሚ እንክብካቤ ትጠይቃለች። አንድ ዘርፍ ጎደለ ከተባልሽ ያንን ብቻ እዚህ መጥተሽ ልሙላ ብትዪ፣ አንድ ኮርስ ነጥሎ ከነልምምዱ ለውጭ ተማሪ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ማግኘት ራሱን የቻለ መከራ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ወረቀቱ የሚመጣበት መንገድ ነው። ትራንስክሪፕቱን ራስሽ ይዘሽ ብትመጪ ዋጋ የለውም፤ ኮሌጁ በቀጥታ መላክ አለበት። የሙያ ፈቃድሽንም ፈቃዱን የሰጠው የኢትዮጵያ የጤና መሥሪያ ቤት በቀጥታ ማረጋገጥ ይኖርበታል። ኮሌጁ ስሙን ቢቀይር፣ ቢዘጋ ወይም ሬጅስትራሩ ለኢሜይል መልስ ባይሰጥ አንቺ ከአሌክሳንድሪያ ምንም ማድረግ አትችዪም። በዚህ ላይ የስማችን ጉዳይ አለ። እዚያ ስምሽ፣ የአባትሽና የአያትሽ ስም ተብሎ ይጻፋል፤ እዚህ ግሪን ካርዱ ላይ በላቲን ፊደል የሰፈረው አንድ ፊደል ቢለይ «ሌላ ሰው ነው» ይባላል። በእኛ አቆጣጠር የተጻፈ የመግቢያና የምረቃ ቀንም በፈረንጆቹ ካልተቀየረ የ7 ወይም የ8 ዓመት ክፍተት ሆኖ ይታያል።

ወደ ካሊፎርኒያ የመዛወር ሐሳብ ካላችሁ ደግሞ የባሰ ነው። የዚያ ቦርድ የክፍሉ ትምህርትና ልምምዱ በአንድ ወቅት ጎን ለጎን መሰጠታቸውን ያያል። በመጀመሪያው ሴሚስተር ክፍል ውስጥ፣ በሚቀጥለው ዓመት ዋርድ ተብሎ የተከፋፈለ ትምህርት እዚያ ይወድቃል።

ይህ ሁሉ ቢሳካ የሚቀርሽ ኤንክሌክስ-አርኤን የሚባለው የነርስ ፈቃድ ፈተና ነው። ክፍያው 200 ዶላር፣ ሰዓቱ 5፣ ጥያቄው ከ85 እስከ 150፤ ከወደቅሽ ቢያንስ 45 ቀን ትጠብቂያለሽ። ከሚያዝያ 2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ የአንድን ታማሚ ሁኔታ ተከታትለሽ የምትወስኚባቸው የጉዳይ ጥያቄዎች ተጨምረውበታል። ከአራት ታማሚዎች ማንን አስቀድመሽ ታያለሽ? የትኛውን ሥራ ለረዳት ትሰጫለሽ? የትኛውን ፈጽሞ አትሰጪም? እዚህ የተማረ ሰው ይህን በየሺፍቱ ሲለማመደው ኖሯል፤ ውጭ የተማረ ግን ከመጽሐፍ ይጀምረዋል። በመጀመሪያ ሙከራ የሚያልፉት ድርሻ በሁለቱ መካከል በጣም የሚራራቀው ያለ ምክንያት አይደለም።

አሁን ወደ ወንድምሽ ሒሳብ ልምጣ። አንቺ የሒሳብ ባለሙያ ነሽና በቁጥር እንነጋገር። 3,100 ዶላር በ48 ወር ሲባዛ 148,800 ዶላር ነው። «ርካሹ» ትምህርት ይህን ያህል ደመወዝ ያስቀርብሻል፤ የኮሌጁ ክፍያ፣ የሦስት ሰው የአውሮፕላን ትኬትና የሁለት ቤት ወጪ ገና አልተደመሩም። ወንድምሽ በቅንነት እንደሚመክርሽ አልጠራጠርም፤ ያየው ግን የክፍያ ደረሰኙን ብቻ ነው። ቤተሰብ ይህን ዓይነት ውሳኔ ሲገፋ የሚከፍለው አንቺ ነሽና ቁጥሩን እያየሽ በይሉኝታ መስማማት አያስፈልግሽም።

ግሪን ካርዱ ከሁሉ ያስፈራኛል። ያለ ሪኢንትሪ ፐርሚት (የመመለሻ ፈቃድ) ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ ብትቆዪ መኖሪያሽን እንደተውሽ ሊቆጠር ይችላል። ፐርሚቱን ለማመልከት አሜሪካ ውስጥ መሆን ያስፈልጋል፤ የሚያገለግለውም ቢበዛ ለ2 ዓመት ነው። የ4 ዓመት ትምህርት በ2 ዓመት ወረቀት አይሸፈንም። ከ6 ወር በላይ መቅረትም የዜግነት ጥያቄሽን ሊያበላሽ ይችላል። ብትሄጂም ባትሄጂም፣ 6 ዓመት ካለፈሽና በመሃል ረጅም ጊዜ ካልወጣሽ የዜግነት ማመልከቻውን (ኤን-400) አሁን አስገቢ። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት እንደማትፈቅድ ታውቂያለሽ፤ ዜግነት ከቀየርሽ በኋላ እዚያ መኖርና መሥራት የምትችዪው በቢጫ ካርድ ነው።

እዚህ ያለው መንገድ እንዲህ ነው። የአካውንቲንግ ዲግሪሽን በኮርስ ደረጃ አስገምግሚ፤ ስታትስቲክስና አንዳንድ አጠቃላይ ኮርሶች ሊያዙልሽ ይችላሉ። ኖርዘርን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የነርሲንግ ተባባሪ ዲግሪውን (ከባችለር በታች ያለውን) ስፕሪንግፊልድ ባለው የሕክምና ካምፓሱ ያስተምራል። እንዲህ ያለው ፕሮግራም ከ65 እስከ 70 ክሬዲት ነው፤ ለስቴቱ ነዋሪ አንድ ክሬዲት ወደ 200 ዶላር ስለሚጠጋ ጠቅላላው 14,000 ዶላር አካባቢ ይሆናል። ያጠራቀምሽው ይበቃል። አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድና ሁለትን፣ ከዚያም ማይክሮባዮሎጂን ሥራ ላይ ሆነሽ በማታ ውሰጂ፤ በአንድ ሴሚስተር ከአንድ የሳይንስ ኮርስ አትብለጪ። የመግቢያ ውድድሩ የሚለየው በእነዚህ ውጤት ስለሆነ የተቻኮለ «ሲ» ከዘገየ «ኤ» ይበልጥ ይጎዳሻል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ከ5 ወይም ከ7 ዓመት በላይ የቆየ የሳይንስ ኮርስ አይቀበሉም፤ ጀምረሽ አታቋርጪ። ብዙ ፕሮግራሞች ቲስ የሚባል የመግቢያ ፈተናም ይጠይቃሉ።

የመጀመሪያ ዲግሪ ስላለሽ፣ ዲግሪው የኢትዮጵያም ቢሆን፣ ፔል ግራንት የሚባለው የፌዴራል የትምህርት እርዳታ አይሰጥሽም። የእርዳታ ማመልከቻው ላይ «ዲግሪ የለኝም» በዪ የሚልሽን አትስሚ። የቨርጂኒያው ጂ3 እርዳታ የጤና ትምህርትን ይጨምራል፤ የቤተሰብ ገቢ ያያልና ኮሌጁን ጠይቂ።

ከማመልከትሽ በፊት የነርስ ረዳት ሥልጠና ውሰጂ። በፌዴራል ሕግ ዝቅተኛው 75 ሰዓት ነው፤ ስቴቶች ከዚያ ይጨምራሉ። ቅዳሜና እሁድ ታማሚ ማገላበጥ፣ ማጠብና መመገብ ከጀመርሽ ይህን ሙያ ትፈልጊው እንደሆነ በሁለት ወር ታውቂዋለሽ። ከሒሳብ ክፍል ለምትመጣ ሰው ይህ ትልቁ ጥያቄ ሆኖ ሳለ ደብዳቤሽ ውስጥ አልነበረም። ረዳት ሆነሽ ሆስፒታል ከገባሽ ደግሞ ብዙ አሠሪዎች የትምህርት ክፍያ ያግዛሉ፤ በዓመት እስከ 5,250 ዶላር ያለው ግብር አይነካውም። ባችለሩን ነርስ ሆነሽ እየሠራሽ በኦንላይን ትጨርሺዋለሽ።

ዕድሜሽ፦ በ42 ወይም በ43 መጀመር በዚህ ሙያ የተለመደ ነው። ወገብሽን ግን ጠብቂ። ልጆችሽ፦ ከአባታቸው 4 ዓመት መለየታቸውን እኔ እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

ሐሳብሽ ተመልሶ አዲስ አበባ መኖርና እዚያው መሥራት ቢሆን ኖሮ መልሴ ሌላ ይሆን ነበር። ያኔ ኮሌጁ ለነርሲንግ፣ ያውም ለዚያው ካምፓስ፣ ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን እውቅና እንዳለው ፈቃዱን አይተሽ ተመዝገቢ፤ የመውጫ ፈተናውና የሙያ ፈቃዱ ይጠብቁሻል።

አሁንም መሄዱን ከመረጥሽ አንድ ሥራ ሠርተሽ ሂጂ። ክፍያ ከመፈጸምሽ በፊት ኮሌጁን በአራቱ ዘርፎች የክፍልና የልምምድ ሰዓቱን ለየብቻ፣ ልምምዱ የሚካሄድባቸውን ሆስፒታሎች ስም ጨምሮ፣ በማኅተም እንዲጽፍልሽ ጠይቂ። ወረቀቱን ለቨርጂኒያ የነርሲንግ ቦርድ ላኪና መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ኮሌጁ ይህን ገጽ መጻፍ ካልቻለ ከ4 ዓመት በኋላም አይጽፍልሽም።